ስልኩን ከእጃቸው አትውሰዱ፦ ወላጆቻችንን ስማርት ስልክ የማስተማሪያ መመሪያ

እህቴ ከውጭ የላከችው ስማርት ስልክ እናቴ ቤት በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሎ ለወራት ቁምሳጥን ውስጥ ተቀመጠ። ስጠይቃት "እንዳይበላሽብኝ ብዬ ነው" ትለኛለች። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። መጀመሪያ ያሳየኋት ቀን ስልኩን ከእጇ ወስጄ "እንዲህ ነው፣ ከዚያ እንዲህ፣ ከዚያ ደግሞ እንዲህ" እያልኩ በአንድ ደቂቃ አምስት ቦታ ነክቼ መለስኩላት። "ገባኝ" አለችኝ። አልገባትም ነበር፤ ልጄን አላስቸግር ብላ ነው። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችኝም።

ሁለተኛውን ጊዜ በሌላ መንገድ ሞከርነው። ዛሬ የልጅ ልጆቿን ፊት እያየች ታወራለች፣ የድምፅ መልእክት ትልካለች፣ ቴሌብሯ ውስጥ ስንት እንዳለ ራሷ ታያለች። ከሁሉም በላይ ደስ ያለኝ ግን "ከባንክ ነው የምደውለው" ያላትን ሌባ ስልኩን ዘግታበት እኔ ጋር የደወለች ቀን ነው። ከዚህ በታች የጻፍኩት ያንን ሁለተኛ ጊዜ በቅደም ተከተሉ ነው። የማወራው ስለ አንድሮይድ ስልክ ነው፤ አብዛኞቹ ወላጆቻችን እጅ ያለው እሱ ነውና። የሴቲንግ ስሞች በሳምሰንግ፣ በቴክኖና በሬድሚ ላይ ትንሽ ይለያያሉ፤ ሥራው ግን አንድ ነው።

1. ከስልኩ በፊት ፍላጎታቸውን ጠይቁ

"ስማርት ስልክ ላስተምርዎ" የተባሉ አባት ምን እንደሚጠቅማቸው አይታያቸውም። "ቤይሩት ያለችውን ልጅዎን ፊቷን እያዩ እንዲያወሯት" ቢባሉ ግን ነገ ጠዋት ዝግጁ ናቸው። አንዷ ስብከት ወይም መንዙማ መስማት ይፈልጋሉ፤ ሌላው ጡረታቸው ባንክ መግባቱን ማወቅ፤ ሌላዋ የዕድሩን መልእክት ከጎረቤት ሳይጠይቁ መስማት። አንዱን ብቻ ምረጡ። እሱ በደንብ እስኪለመድ ድረስ ሌላውን አታንሱ።

2. ስልኩን ሳትሰጧቸው በፊት አዘጋጁት

ብዙ ሰው ይህን ይዘላል። ከዚያ "እናቴ አልቻለችም" ይላል። ያልቻለው ብዙ ጊዜ ስልኩ ነው።

ፊደሉን አሳድጉ። ሴቲንግ ውስጥ ዲስፕሌይ ገብታችሁ የፊደሉን መጠን ጨምሩና እሳቸው ራሳቸው "አሁን ይታየኛል" እስኪሉ ድረስ አስተካክሉ። እናንተ ለራሳችሁ ዓይን አትለኩ። የስክሪኑን መጥፊያ ጊዜ ደግሞ ቢያንስ ወደ ሁለት ደቂቃ አርዝሙት። ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ በ30 ሴኮንድ ውስጥ ይጠፋል፤ አንድ መልእክት በመነጽር ፈልገው ፊደል ለፊደል የሚያነቡ ሰው መሃል ላይ ሲደርሱ ስክሪኑ ይጨልማል፤ "ምን ነካሁ?" ብለው ይደነግጣሉ። እናቴን ከስልኩ ያሸሻት አንዱ ነገር ይህ ነበር፤ የነገረችኝም ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ቀጥሎ አክሰሲቢሊቲ የሚለው ውስጥ ግቡና "ተች ኤንድ ሆልድ ዲሌይ" የሚለውን ፈልጋችሁ "ሎንግ" አድርጉት። የአረጋውያን ጣት ስክሪን ላይ ረዘም ብሎ ይቆያል። ስልኩ ይህን "ይዘህ ጫን" ብሎ ይተረጉመዋል፤ ስለዚህ መክፈት የፈለጉት አፕ ቦታውን ይለቃል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ይህችን አንዲት ነገር ማስተካከል የአንድ ሳምንት ጭቅጭቅ ይቀንሳል። በብዙ ስልኮች ላይ የመነሻ ገጹን አቀማመጥ መቆለፍም ይቻላል፤ ካለ ቆልፉት።

የመነሻ ገጹን አጽዱ። ስልክ መደወያ፣ ዋትሳፕ ወይም ኢሞ ወይም ቴሌግራም (ቤተሰቡ የሚጠቀምበትን አንዱን ብቻ)፣ ካሜራ፣ ፎቶ፣ ቴሌብር። ይበቃል። የልጆቻቸውን ስም ስትመዘግቡ ፎቷቸውን አብራችሁ አስገቡ። ፊደል ለማይለዩ ወላጆች ይህ መመሪያ ሁሉ በፎቶ፣ በቀለምና በቁጥር ይሠራል። ማንበብ የማይችሉ ብዙ እናቶች ቁጥር አሳምረው ያውቃሉ፤ የብር ኖት ሲለዩ፣ ገበያ ሲደራደሩ ኖረዋልና።

ስክሪኑን በመጥረግ የሚሠራውን አዲሱን አካሄድ አጥፉና ከታች ሦስቱ ቁልፎች እንዲታዩ አድርጉ፤ ሴቲንግ ውስጥ "ናቪጌሽን" ብላችሁ ብትፈልጉ ታገኙታላችሁ። መሃል ያለውን ቁልፍ እኛ "ወደ ቤት መመለሻ" ብለን ሰየምነው።

መቆለፊያውን በጣት አሻራ ብቻ አታድርጉት። ዕድሜ ልኩን አፈር የቆፈረ፣ ልብስ ያጠበ፣ ምጣድ ላይ የዋለ ጣት አሻራው ይደበዝዛል፤ ስልኩ ደጋግሞ እምቢ ሲላቸው ጥፋቱ የእሳቸው ይመስላቸዋል። የሚያስታውሱት ቁጥር ይሻላል። የትውልድ ዓመታቸው ወይም 1234 ግን አይሁን።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልጨምር፤ በእኛ አገር የሚገጥም ነውና። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስልኩ 8:00 ይላል። አንዳንድ ልጆች ይህን አይተው ሰዓቱን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሱታል። አታድርጉት። ዋትሳፕ "የስልክህ ቀንና ሰዓት ትክክል አይደለም" ብሎ አልከፍት ይላል፣ የባንክ አፖችም ያስቸግራሉ። የስልኩን ሰዓት እንዳለ ተዉትና የሐበሻ ሰዓትና የዘመን መቁጠሪያ የሚያሳይ አፕ አውርዳችሁ መነሻ ገጹ ላይ አስቀምጡላቸው።

3. ማስተማር

ጊዜው ጠዋት ይሁን፤ ቡና ከተጠጣ በኋላ፣ ቤቱ ሲረጋጋ። ሃያ ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው። ሲደክማቸው አይነግሯችሁም፤ "እሺ፣ እሺ" ማለት ሲያበዙ አቁሙ።

ዋናው ደንብ በርዕሱ ላይ ያለው ነው፤ ስልኩ ከእጃቸው አይውጣ። እጃችሁን ከፈለጋችሁ ከኋላችሁ አጣምሩት። ቢሳሳቱ ይሳሳቱ። እናንተ በአፍ ትመራላችሁ፣ የእሳቸው ጣት ይሠራል። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር በእናንተ ጣት አምስት ሴኮንድ እንደሚፈጅ አውቃለሁ። ያቺን አምስት ደቂቃ ስታተርፉ ግን እሳቸው ያጣሉ።

ቃላቱን ከቤታቸው አምጡ። የበተን ስልክ የለመደ እጅ ስክሪኑን አጥብቆ ይጫናል። ለእናቴ "ትኩስ ጀበና መሞቁን እንደምትሞክሪ፣ ነካ አድርገሽ ልቀቂ" ስላት ወዲያው ገባት። ስክሪን ማንሸራተትን ደግሞ "ከሰፌድ ላይ እንክርዳድ ገፋ እንደምታደርጊው" አልኳት። "ክሊክ አድርጊ፣ ስክሮል አድርጊ" እያልኩ ስንት ቀን አባክኛለሁ።

የመጀመሪያው ትምህርት አፕ መክፈት ሳይሆን መውጣት ነው። "ምንም ቢመጣብሽ፣ የማታውቂው ጽሑፍ ቢወጣ፣ ቢጠፋብሽ፣ ወደ ቤት መመለሻውን ንኪ" አልኳት። ይህን አሥር ጊዜ ያህል ደጋገምነው፤ ሆን ብዬ የማታውቀው ገጽ ውስጥ አስገባታለሁ፣ እሷ ትወጣለች። ከማያውቁት ቦታ መመለሻውን የሚያውቁ ሰው ለመግባት አይፈሩም። "ስልክ በመነካካት ብቻ አይበላሽም" ብላችሁም በግልጽ ንገሯቸው፤ ብዙዎቹ ይበላሻል ብለው ነው የማይነኩት።

ደብተር ይኑራቸው። የሚጽፉት እሳቸው ናቸው፣ በራሳቸው እጅ ጽሑፍና በራሳቸው አነጋገር። እናቴ ደብተር ላይ "አረንጓዴውን ነካ፣ የልጄን ፎቶ ነካ፣ ካሜራዋን ነካ" የሚል አለ። እኔ ብጽፈው ኖሮ ይህን ያህል አይጠቅማትም ነበር። በማግሥቱ ያንኑ ትምህርት ሳትረዷቸው ይድገሙት፤ ረስተውት ከሆነ "ትናንት ነግሬሽ የለም?" የሚለው ቃል ከአፋችሁ አይውጣ።

4. ድምፅና ምስል

ጽሑፍ ከማስተማራችሁ በፊት የድምፅ መልእክት አስተምሩ። ማይክራፎኑን ይዘው እየተናገሩ ሲጨርሱ መልቀቅ ነው። ጣታቸው እየተንሸራተተ ንግግራቸው መሃል ላይ የሚቆረጥ ከሆነ፣ ማይክራፎኑን ይዘው ወደ ላይ ገፋ ሲያደርጉት ይቆለፋል፤ ከዚያ እጃቸውን አንሥተው እስኪበቃቸው ያውሩ፣ ሲጨርሱ መላኪያውን ይንኩ። በዋትሳፕም በቴሌግራምም ይሠራል።

በቪዲዮ ሲያወሩ ስልኩን ወደ ጆሮ መውሰድ የሁሉም ልማድ ነው፤ ልጅየዋ ጆሮ ብቻ ታያለች። ስልኩን የሚያቆም ነገር፣ ስኳር ማስቀመጫም ቢሆን፣ ጠረጴዛ ላይ አድርጉላቸው።

ዳታ ቶሎ የሚያልቅባቸው በማውራት ብቻ አይደለም፤ የማኅበሩና የዘመድ ግሩፕ የሚልከው ቪዲዮ ራሱን በራሱ እየወረደ ነው። በዋትሳፕ ሴቲንግ ውስጥ "ስቶሬጅ ኤንድ ዳታ" ገብታችሁ ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ አድርጉ። የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ከሆነ ቀሪ ሂሳብ በ*804# ይታያል፣ ፓኬጅ በ*999# ይገዛል፤ ሁለቱንም ደብተሩ ላይ አስጽፏቸው።

5. ገንዘብ

ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲጀመር የወጣቶች ነገር መስሎን ነበር። ዛሬ የመብራትም፣ የውሃም ክፍያ ወደ ስልክ እየገባ ስለሆነ ወላጆቻችንም አይቀርላቸውም። ጥያቄው በራሳቸው ጣት ይጠቀሙበት ወይስ ስልካቸውንና የሚስጥር ቁጥራቸውን ለሱቁ ልጅ እየሰጡ? አሁን ብዙዎቹ የሚያደርጉት ሁለተኛውን ነው። የሱቁ ልጅ ጨዋ ቢሆንም ልማዱ አደገኛ ነው፤ ነገ ሌላ ሰው ሲጠይቃቸውም ይሰጣሉና።

በ*127# ጀምሩ። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ በበተን ስልክም ይሠራል። የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ሂሳብ ማየት ብቻ ይሁን፤ በየቀኑ። ከዚያ 10 ብር ወደ እናንተ ይላኩ፣ እናንተም መልሱላቸው። ደጋግሙት። ከመላካቸው በፊት የተቀባዩ ስም ሲመጣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያንብቡት፤ የሚያውቁት ስም ካልሆነ አይልኩም። ፊደል የማይለዩ ከሆነ ደግሞ የሚላከው ስልኩ ላይ ወደተመዘገቡት የልጆቻቸው ቁጥር ብቻ ይሁን፣ ለሌላው እናንተ ላኩላቸው።

የእኔ ምክር ቴሌብር ውስጥ የወር አስቤዛ የሚሆን ብቻ ይቀመጥ ነው። ጡረታውና ቁጠባው ባንክ ይሁን፤ የሞባይል ባንኪንግ እስኪጠነክሩ ድረስ አትክፈቱላቸው። የሚስጥር ቁጥሩን እናንተም አትወቁት። ስትከፍቱላቸው ፊታችሁን አዙሩ። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን "ልጄ እንኳ አያውቀውም" የሚሉ እናት ለማያውቁት ሰው አይነግሩም። ቁጥሩን የስልኩ ሽፋን ውስጥ አጣጥፎ ማስቀመጥ ብዙ ቤት አይቻለሁ፤ ስልኩን ያገኘ ሁሉንም ያገኛል።

6. ሌባ ሲደውል

ወላጆቻችን የሚታለሉት ሞኝ ሆነው አይደለም። ጨዋ ሆነው ነው። እያናገራቸው ያለን ሰው ጥለው መሄድ ነውር እንደሆነ ተምረው አድገዋል። ደዋዩ "እማማ፣ እንደ እናቴ ስለሆኑ ነው የምነግርዎት" ሲላቸው ስልኩን መዝጋት ይከብዳቸዋል። ስለዚህ የማስተማሩ ግማሽ ስልክ መዝጋትን ማለማመድ ነው።

እኛ ቤት አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ "ልጄን ልጠይቅ።" ማንም ይደውል፣ ምንም ይበል፣ ገንዘብ ወይም ቁጥር ከተነሣ መልሱ ይህ ነው፤ ከዚያ ቀዩን መንካት። ክርክር የለም፣ ማብራሪያ የለም። እናቴ ነውር መስሏት ስትቸገር "ጨዋ ሰው ከሆነ ልጅሽን እስክትጠይቂ ይጠብቃል፣ ሌባ ነው የሚቸኩለው" አልኳት። ይህ ነገር ልቧን አሳረፈው።

ከዚያ ተለማመዱ። ከጓዳ ሆናችሁ እሳቸው በማያውቁት ቁጥር ደውሉና ሌባ ሁኑ። የሚመጡት ማታለያዎች እነዚህ ናቸው፦

"ከቴሌ ነው፣ ከባንክ ነው፤ አሁን በመልእክት የመጣልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ።" ያ ቁጥር ቁልፍ ነው። ቴሌብርን፣ ዋትሳፕን፣ ቴሌግራምን የሚከፍተው እሱ ነው። ባንክም ሆነ ቴሌ ደውሎ አይጠይቅም። "በመልእክት የመጣ ቁጥር ለሰው አይነበብም፣ ለእኔም ቢሆን" በሏቸው።

"በስህተት ብር ላክሁልዎ፣ እባክዎ ይመልሱልኝ፣ የታመመች ልጅ አለችኝ።" ከጥሪው በፊት ብር ገባ የሚል መልእክት ይደርሳቸዋል፤ ሐሰተኛ ነው። እውነተኛው የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፣ ከተራ የሰው ስልክ ቁጥር አይደለም። መልእክቱን ትተው በ*127# ሂሳባቸውን ራሳቸው ይዩ፤ በየቀኑ ያለማመዳችኋቸው እዚህ ላይ ይጠቅማል። ብሩ በእርግጥ ገብቶ ቢያገኙት እንኳ "127 ደውለህ አመልክት" ብለው ይዝጉ። የሰው ገንዘብ መብላት ኃጢአት ነው ብለው የሚጨነቁ ናቸውና፣ ትክክለኛው መመለሻ መንገድ ይህ መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

"ዕድል ደርሶዎታል፣ ሽልማቱን ለመውሰድ መጀመሪያ ይህን ያህል ይላኩ።" ያልቆረጡት ዕጣ አይደርስም።

"እማዬ፣ ስልኬ ተበላሽቶ ነው በሌላ ቁጥር የምደውለው፣ ቶሎ ብር ላኪልኝ።" በጣም የምፈራው ይህን ነው፤ አሁን የሰውን ድምፅ በኮምፒውተር አስመስሎ መሥራት ስለሚቻል "ድምፁ የልጄ ነው" ማለት በቂ አይደለም። የቤተሰብ ቃል ይኑራችሁ። በቤታችሁ ብቻ የሚታወቅ፣ ፌስቡክ ላይ ያልተጻፈ፤ ድሮ ያሳደጋችኋት ላም ስም ሊሆን ይችላል። ቃሉን ያልመለሰ ልጅ፣ ልጅ አይደለም።

ከማያውቁት የውጭ አገር ቁጥር አንዴ ጠርቶ የሚቋረጥ ሚስድ ኮል ሲመጣ መልሰው አይደውሉ፤ ሂሳባቸውን ይበላል። ውጭ ያሉትን ልጆች ቁጥር በስም መመዝገባችሁ እዚህም ይጠቅማል። በቴሌግራም የሚመጣ "ይህን ፋይል ክፈቱ" የሚል ነገርም አይነካ።

ከሁሉም ጋር ዋትሳፕና ቴሌግራማቸው ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (በመልእክት ከሚመጣው ኮድ ሌላ ሁለተኛ የሚስጥር ቁጥር ወይም ቃል የሚጠይቀውን) እናንተ ክፈቱላቸው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ኮዱ በስህተት ቢወጣ እንኳ ሌባው ሁለተኛ በር ይገጥመዋል።

7. ከተታለሉ

አትቆጡ። ይህን የምለው ሲቆጡ ምን እንደሚሆን ስላየሁ ነው። የሰፈራችን አንዲት እናት ገንዘባቸው ሲወሰድ ልጆቻቸውን ፈርተው ለሳምንት ደበቁ፤ በዚያ ሳምንት ሌባው ሁለት ጊዜ ተመለሰ። የመጀመሪያው ሰዓት ወርቅ ነው፤ ያንን ሰዓት የምታገኙት ለመናገር ካልፈሩ ብቻ ነው።

ቴሌብር ከሆነ 127፣ ንግድ ባንክ ከሆነ 951 ደውላችሁ ሂሳቡ እንዲታገድ ጠይቁ። ስልኩ ከተሰረቀ 994 ደውላችሁ ሲሙን አስዘጉ። መልእክቶቹን አታጥፉ፣ የደወለውን ቁጥርና ሰዓቱን ጻፉ፣ ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ። ሌባው የዋትሳፕ ኮዱን ወስዶ ከሆነ ለዘመድ ሁሉ በስልክ ንገሩ፤ ቀጥሎ የሚያታልለው በእናታችሁ ስም እነሱን ነው።

8. ሩቅ አገር ላላችሁ

ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ ሆኖ በስልክ "ከላይ በስተቀኝ ሦስት ነጥብ አለ" ማለት አድካሚ ነው። ዋትሳፕ ላይ በቪዲዮ እያወራችሁ ስክሪናቸውን ለእናንተ ማሳየት ይችላሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለው፤ ሌቦችም ይህንኑ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ስክሪን የሚታየው እናታችሁ ራሳቸው በፎቷችሁ ላይ ነክተው ሲደውሉላችሁ ብቻ ይሁን፣ በዚያ ሰዓትም የባንክም የቴሌብርም ገጽ አይከፈት። ስልኩን ከሩቅ የሚያዝ አፕ አትጫኑ።

ሰፈር ውስጥ አንድ ሰው ምረጡ፤ የእህት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ የምታምኑት። ሥራው ማስተማርና መላላክ እንጂ ገንዘብ መላክ አለመሆኑን ለእሱም ለእናታችሁም በአንድ ላይ ንገሯቸው፤ ኋላ ቅሬታ እንዳይመጣ።

9. በየወሩ

በወር አንዴ አብራችሁ ተቀመጡ። ስልኩ አሁንም በእሳቸው እጅ ነው። የማያውቁት አፕ ገብቶ እንደሆነ እዩ፣ የሞላውን ቪዲዮ አጥፉ፣ ስልኩ ማሻሻያ ጠይቆ ከሆነ ዋይፋይ ባለበት አውርዱለት። የቤተሰቡን ቃል ጠይቋቸው፤ ረስተውት ከሆነ ሌላ አብራችሁ ምረጡ። ከዚያ "በዚህ ወር የማታውቂው ሰው ደውሎ ነበር?" በሉ፤ ዝም ብላችሁም አዳምጡ። የደወለ ካለ ታሪኩን ለዕድርተኞቻቸው እንዲነግሩ አደራ በሏቸው፤ ያው ሌባ ጎረቤት ጋር ሲደውል ተዘግቶ ይጠብቀዋል።